አሮጌው ባለ ቫልቭ ራዲዮና ዕድራችን

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሦስት አባላት ስም የቀረበ ንግግር)



 በዚህ ዓመት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር፤ ለቤተ ሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

የሥራ አመራር ኮሚቴው «ስለ ራዲዮዎቻችሁ ጥቂት ንገሩን፤ በመጽሔቱም ላይ ይወጣል» ባለን ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግራ ገብቶን ነበር። ዕድር ስለ ድንኳንና ስለ አግዳሚ ወንበር፣ ስለ ብረት ድስትና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ይነጋገራል እንጂ ስለ አሮጌ ራዲዮ ምን አገባው? የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እንዲያውም አንድ ጎረቤታችን «እናንተ ደግሞ የሞተ ራዲዮ መቅበር ጀመራችሁ እንዴ?» ብሎ አሹፎብናል። ይሁንና ነገሩ ከዕድራችን ጋር የሚገናኝበት መንገድ ስላለው በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

እኛ ሦስት ሰዎች ነን። አንዳችን ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አንዳችን አስተማሪ፣ አንዳችን ልብስ ሰፊ ነን። ላለፉት 14 ዓመታት አሮጌ ባለ ቫልቭ ራዲዮ ስንሰበስብ ቆይተናል። ዛሬ በእጃችን 11 ራዲዮዎች አሉ፤ 6ቱ ይናገራሉ፣ 5ቱ ገና ዝም እንዳሉ ናቸው። ከምናለሽ ተራ የገዛናቸው አሉ፤ ከቆራሌው ማዳበሪያ ውስጥ ያወጣናቸው አሉ። አንዳንዶቹን ግን፣ ብናፍርም እንናገረው፣ ከለቅሶ ቤት በር ላይ ነው የገዛናቸው። ሰው ሲሞት ቤት ይጸዳል፤ ቤት ሲጸዳ አሮጌ ዕቃ ይወጣል። ይኸንን እናውቅ ስለነበር ለቅሶ ልንደርስ ገብተን ዓይናችን ቡፌው ላይ ወደ ተቀመጠው ራዲዮ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ልንናገር የመጣነውም በአንድ በኩል ስለ ራዲዮው ደግነት፣ በሌላ በኩል ስለዚህ ጥፋታችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዕድራችን ነባር አባላት አንዱ የነበሩ ጋሼ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሁላችንም ነበርን። ሣልስት ወጥቶ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ በበራቸው ስናልፍ፣ ቆራሌው ትልቁን ሣጥን ራዲዮ እደጃፉ አስቀምጦ ከልጆቻቸው ጋር ሲከራከር ደረስን። 350 ብር ላይ ተስማምተው ነበር። እኛም ቶሎ ብለን 500 ብር ሰጠንና ራዲዮውን ተሸክመን ወደ ቤታችን ሄድን። በዚያ ቀን ዕድል እንደ ቀናን ቆጥረን እንደተደሰትን አንክድም።

በሳምንቱ ግን ባለቤታቸው እትዬ ሰው ላኩብን። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «ሳልጠየቅ ነው የወጣው። መልሱልኝ አልልም፤ ልጆቹ ገንዘቡን ተቀብለዋል። ቢናገር ግን አንድ ቀን ልስማው።» እኛ ለልጆቹ ከቆራሌው የተሻለ ሰጠናቸው ብለን ነበር የተኩራራነው። ለካ ባለቤትየዋን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ይህ ራዲዮ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ እናስረዳ፤ ወጣቶቻችን አይተውት አያውቁምና።

ራዲዮው ፊሊፕስ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተሠራ ሲሆን፣ ጋሼ በ1953 ዓ.ም. ከሦስት ወር ደመወዛቸው በላይ አውጥተው እንደገዙት ቤተ ሰቡ ነግሮናል። ሣጥኑ የእንጨት ነው፤ ፊቱ ላይ ቀለሙ የወየበ ጨርቅ ተወጥሮበታል፤ ከጨርቁ ሥር የጣቢያ ማሳያ መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ በታች ደግሞ የዝሆን ጥርስ የሚመስሉ ማዞሪያዎችና ቁልፎች ተደርድረዋል። እትዬ የሠሩት ዳንቴል በላዩ ላይ 40 ዓመት ያህል ስለ ኖረ የዳንቴሉ ጥለት በእንጨቱ ላይ በጥላ መልክ ቀርቷል። እኛ ስንወለውለው ያንን ጥላ አላስለቀቅነውም።

ውስጡ ሲከፈት 6 ቫልቮች ይታያሉ። ቫልቭ ማለት አየሩ ተመጥጦ የወጣለት፣ የመስታወት አምፖል የሚመስል ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው ሽቦ ሲግል ኤሌክትሮኖች ከጋለው ብረት ወደ ሌላው ይዘላሉ፤ በመካከላቸው እንደ ወንፊት ያለ ሽቦ ገብቶ ጉዞአቸውን ያበዛል ወይም ይቀንሳል። ከአንቴና የመጣው ደካማ ምልክት ይኸንን ወንፊት ሲያዝዘው ትልቁ ኃይል የትንሹን ምልክት እንቅስቃሴ ይከተላል። ማጉላት የሚባለው ይኸው ነው።

እያንዳንዱ ቫልቭ የራሱ ሥራ አለው። ኢሲኤች 81 የሚባለው ከአንቴና የመጣውን ሞገድ ተቀብሎ፣ ራሱ ከሚፈጥረው ሌላ ሞገድ ጋር አዋሕዶ ለማጉላት ወደሚመች አንድ ልክ ይለውጠዋል። ይኸንን ዘዴ አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1918 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ሲሆን ከዚያ ወዲህ የተሠራው ራዲዮ አብዛኛው የሱን መንገድ የተከተለ ነው። ኢኤፍ 89 ያንን ሞገድ ያጎላል፤ ኢቢሲ 81 ድምፁን ከሞገዱ ይለያል፤ ኢኤል 84 ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ጉልበት ይሰጣል። ኢዜድ 80 ተለዋዋጩን የመብራት ኃይል ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል። የመጨረሻው ኢኤም 80 አረንጓዴ ዓይን ነው፤ ጣቢያው በትክክል ሲያዝ የዓይኑ ጥላ ይጠብባል። ልጆች ሳለን ከራዲዮው ሁሉ የምንወደው እሱን ነበር፤ ራዲዮው በጨለማ የሚያየን ይመስለን ነበር።

ታዲያ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለንደንን ወይም ሞስኮን ማዳመጥ የሚቻለው እንዴት ነው? ከምድር በላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ግድም ጀምሮ ፀሐይ አየሩን በኤሌክትሪክ የሞላችው ክፍል አለ። አጭር ሞገድ ወደዚያ ወጥቶ ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል፤ ከምድርም ነጥሮ እንደገና ሊወጣ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ባሕርና ተራራ ሳይከለክለው ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል። ቀን ቀን 16 እና 19 ሜትር ይሻላሉ፤ ሲመሽ 41 እና 49 ሜትር ይከፈታሉ፤ 25 እና 31 ሜትር በመካከል ናቸው። ጋሼ ይኸንን በትምህርት ቤት አልተማሩም፤ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ የትኛው ቁልፍ እንደሚሄዱ በልማድ ያውቁ ነበር።

በዚህ ራዲዮ ያልተሰማ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ዜናውን የሰፈሩ ሰው የሰማው በዚህ ሣጥን ነው። በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ራዲዮ ያላቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጋሼ መስኮቱን ከፍተው ራዲዮውን ወደ ውጭ አዞሩት፤ እኛ ልጆቹ ከጭቃው ላይ ቆመን አዳመጥን። ቡና የሚወቅጡ እናቶች ሙቀጫቸውን አቆሙ።

ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ከየካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚሁ ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ ለብዙ አገሮች ያስተላልፍ ነበር፤ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. በመንግሥት ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍልም በ1982 እ.ኤ.አ. ተከተለ። ያ ዘመን ደግሞ መስኮት ተከፍቶ ራዲዮ የሚሰማበት አልነበረም። መጋረጃ ይጋረዳል፣ በር ይቀረቀራል፣ ድምፁ እስኪጠፋ ይቀነሳል፣ ጆሮ ከጨርቁ ጋር ይለጠፋል። ያው መስኮቱን ከፍቶ ሰፈሩን ያሰማ የነበረ ራዲዮ ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ የሚያንሾካሹክ ሆነ። ጋሼ ያዳመጡትን በማግሥቱ ለማን እንደሚነግሩና ለማን እንደማይነግሩ ያውቁ ነበር። በዚያ ዘመን ያለፋችሁ ሁሉ ይኸንን ታስታውሳላችሁ፤ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ሰብሳቢዎች ይኸንን ዕቃ ለምን ትወዱታላችሁ ለሚለን ሰው መልሳችን ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ድምፁ። ከባድ የእንጨት ሣጥንና ሰፊ ድምፅ ማጉያ ስላለው የሰው ንግግር ደረቱ ሞልቶ ይሰማል። ዜና አንባቢው እቤት ገብቶ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛ፣ ትዕግሥት ማስተማሩ። ቁልፉን እንደተጫናችሁት አይናገርም። ቫልቮቹ እስኪግሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ትጠብቃላችሁ። መጀመሪያ የመስታወቱ መብራት፣ ቀጥሎ የሞቀ አቧራና የእንጨት ሽታ፣ ከዚያ ትንሽ እምታ፣ ከዚያ ድምፁ ይመጣል። ከዚያም ማዞሪያውን በዝግታ፣ እንደ ጥሩ ፈታይ ጣት፣ ማንቀሳቀስ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚጠገን መሆኑ። ጀርባው በጥቂት ብሎኖች ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ይታያል፤ የተበላሸው ተነቅሎ ሌላው ይተካል። የዛሬውን የኪስ ስልክ ማን ከፍቶ ማን ይመልሰዋል? ይኸንን ስንል አሮጌው ሁሉ ይሻላል ማለታችን አይደለም። ይህ ራዲዮ 50 ዋት ያህል ይፈጃል፣ ከባድ ነው፣ መብራት የሌለበት ገጠር አይገባም። በ1954 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ባለ ትራንዚስተር ራዲዮ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ባለ ቫልቩ ቦታውን እየለቀቀ የሄደው ያለ ምክንያት አይደለም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሹ ራዲዮ እርሻ ድረስ ሄዷል፤ ምስጋና ይገባዋል።

አሁን ወደ ጥገናው እንሂድ፤ እዚህ ላይ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ስላለበት ጆሮ ስጡን።

የመጀመሪያውን ራዲዮአችንን ያቃጠልነው ራሳችን ነን። እንደ ገዛነው በጉጉት ሰካነው፤ ድምፁን እንኳ ሳንሰማ ጢሱ ክፍሉን ሞላው። ከጀርባው ያለው የቮልት መምረጫ 110 ላይ መሆኑን ያየነው ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው። የቤታችን መብራት ደግሞ 220 ነው። ያ ራዲዮ እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ነው፤ ለማስታወሻ አስቀምጠነዋል።

ከዚያ ወዲህ የተማርነው ይህ ነው። ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ራዲዮ በፍጹም እንዲሁ አይሰካም። በውስጡ ያሉት የወረቀት ኮንደንሰሮች እርጥበት ገብቶባቸው ያፈስሳሉ፤ ትልልቆቹ የኃይል ማጣሪያ ኮንደንሰሮችም ይደርቃሉ ወይም ይፈነዳሉ። በተለይ ወደ ኢኤል 84 የሚያስገባው ኮንደንሰር ካፈሰሰ ቫልቩንም ትራንስፎርመሩንም ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድመን እነሱን እንለውጣለን። ከዚያም ራዲዮውን ከአንድ ባለ ሽቦ 60 ዋት አምፖል ጋር በተከታታይ አያይዘን እንሞክረዋለን፤ የዛሬው ኤል.ኢ.ዲ. ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ችግር አለ ማለት ነው፤ ፈዘዝ ካለ ደኅና ነው።

ደግሞም አንዳንድ ራዲዮዎች ትራንስፎርመር ስለሌላቸው የብረት አካላቸው በቀጥታ ከመብራቱ መሥመር ጋር የተያያዘ ነው፤ በእጅ ቢነኩት ይገድላል። ባለ ትራንስፎርመሩም ቢሆን በውስጡ 250 ቮልት ያህል ስላለ፣ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በኮንደንሰሩ ውስጥ የቀረው ኃይል ይመታል። ዕድራችን የሚቀብረው አባል እንዲበዛ አንፈልግም፤ እባካችሁ ያላወቃችሁትን አትክፈቱ።

የጋሼ ራዲዮ 4 ወር ፈጀብን። 2 ማጣሪያና 7 የወረቀት ኮንደንሰሮች ለወጥን፤ የቁልፎቹን መገናኛዎች በንጹሕ አልኮል አጠብን፤ የተቀደደውን የድምፅ ማጉያ ወረቀት በስስ ወረቀትና በማጣበቂያ ጠገንን። የጣቢያ ማሳያውን መርፌ የሚጎትተው ክር አልቆ ሊበጠስ ደርሶ ነበር፤ እሱን በሰም የታሸ ክር የለወጠው ልብስ ሰፊው ጓደኛችን ነው። ኤሌክትሪኩም አስተማሪውም ሞክረው አቅቷቸው ነበር። አሮጌውን ክር ከመፍታታችን በፊት ግን አንድ ነገር አደረግን። ራዲዮው ከተበላሸ 20 ዓመት አልፎት ነበርና፣ መርፌው የቆመው ጋሼ ለመጨረሻ ጊዜ በተዉት ቦታ ነው፤ 31 ሜትር ላይ። ቦታውን በእርሳስ ምልክት አደረግንበት።

በሙት ዓመታቸው ዕለት፣ እንግዳው ከወጣ በኋላ፣ ራዲዮውን ይዘን እትዬ ዘንድ ሄድን። በድሮ ቦታው ቡፌው ላይ አስቀመጥነው። የአንቴናውን ሽቦ በመስኮቱ አወጣን። ልጆቹም የልጅ ልጆቹም ቆመው ነበር። መብራቱ በራ፤ አረንጓዴው ዓይን ደክሞ ስለነበር እምብዛም አልታየም። እትዬ «የት ላይ ነበር የተዉት?» አሉ። ምልክቱን አሳየናቸውና ራሳቸው ማዞሪያውን ይዘው እዚያ አደረሱት።

እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልነበረም፤ ሹ ሹ የሚል ድምፅ ብቻ። ከአጠገቡ የዐረብኛ ንግግር ከሩቅ ይመጣና ይሄዳል። እኛ አፈርን። አጭር ሞገድ እንደ ድሮው አለመሆኑን፣ ብዙ ጣቢያዎች እንደ ዘጉ፣ የስዊስ ራዲዮ በ2004 እ.ኤ.አ.፣ የኔዘርላንድና የካናዳ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. አጭር ሞገዳቸውን እንዳቆሙ ማስረዳት ጀመርን። ለሌላ ጣቢያ ልናዞረውም እጃችንን ዘረጋን።

እትዬ ግን «ተዉት» አሉ። «እሳቸውም ሲፈልጉ እንዲሁ ሲያንሿሹብኝ ነበር የሚያመሹት። ኧረ ይዝጉልኝ፣ ልተኛ እያልሁ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው። ዛሬ አትዝጉት።» እንዲሁ ሹ ሹ እያለ ቡና ተፈላ፣ ሦስተኛው ተጠጣ። ትንሹ የልጅ ልጅ ብቻ «ኢንተርኔት ሳይኖረው እንዴት ነው የሚናገረው?» ብሎ ጠየቀ፤ እኛም ስለ ሰማዩ መስተዋት ነገርነው።

ራዲዮው እዚያው ቀረ። ከላይ ከጠቀስናቸው 11 ውስጥ የለበትም። ልጆቹ 500 ብሩን ሊመልሱልን ነበር፤ አልተቀበልንም።

የተከበራችሁ አባላት፤ በዚህ ራዲዮ መስታወት ላይ ሂልቨርሰም፣ ቤሮሙንስተር እየተባለ የጣቢያ ከተሞች ስም ተጽፏል። ቤሮሙንስተር የሚለው ስም ያለበት መካከለኛ ሞገድ በ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዝም ብሏል፤ ስሙ ግን ከመስታወቱ አልተፋቀም። የኛም የዕድር መዝገብ እንደዚሁ ነው፤ የተለዩንን አባላት ስም ሠርዘን አናውቅም። ዕድራችን የሚታወቀው በዚህ ከሆነ፣ ሟቹ የተዉትንም ዕቃ በሳምንቱ ለቆራሌው ማውጣት ከዚህ ልማድ ጋር አይሄድም። ስለዚህ በሦስታችን ስም የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ. ራዲዮም ሆነ ሌላ የሟች ዕቃ፣ የቤቱ ባለቤት ወይም ባለቤትየዋ ሳትጠየቅ፣ ከአርባው በፊት ባይሸጥ። በበኩላችን፣ ሰማንያው ሳይወጣ ከማንም የለቅሶ ቤት ምንም ላንገዛ በዚህ ጉባኤ ፊት ቃል እንገባለን።

2ኛ. አሮጌ ራዲዮ በቤቱ ያለው አባል ሳይሰካው ያሳየን። የዕቃውን ዋጋ እንጂ የእጃችንን ዋጋ አንጠይቅም። ተጠግኖም ከቤቱ አይወጣም።

3ኛ. በዚያ ራዲዮ ማን ምን እንደሰማበት ቤተ ሰቡ በአንድ ወረቀት ጽፎ ከጀርባው ውስጥ ያስቀምጥ። ከእኛ በኋላ የሚከፍተው ሰው ያነበዋል።

4ኛ. ከወጣቶች መማር የሚፈልግ ቢኖር እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ክፍት ነው። ሦስታችንም ዕድሜያችን እየገፋ ነው፤ ሙያው ከእኛ ጋር እንዳይቀበር እንፈልጋለን።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለን። የእትዬ ራዲዮ አረንጓዴ ዓይን በጣም ደክሟል። በየቁም ሣጥኑ፣ በየካርቶኑ፣ ኢኤም 80 የሚል የተጻፈበት ቫልቭ ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ አስታውሱን።